ፕላስተር የሌለው ክፍል

የሕፃናት ማቆያው ሌሎች ሞግዚቶች ጠዋት ሲገቡ ቦርሳቸውን ሰቅለው፣ ሽርጣቸውን አስረው፣ ትኩስ ትኩስ ሐሜት ተቀባብለው ነው ሥራ የሚጀምሩት። ስፖንጅ ግን የምትጀምረው በጉልበቷ ተንበርክካ ነው። ጸሎት አይደለም። ክፍሏን ከልጆቹ ዓይን ቁመት ለማየት ብላ በአራት እግሯ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትድሃለች። ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፣ የወንበር ሆድ ትመረምራለች፣ የላላ ብሎን፣ የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ከማን አንገት እንደተበጠሰ የማይታወቅ ዶቃ ለቅማ ኪሷ ትከታለች። ከዚያ ተነስታ ጉልበቷን ታራግፍና፣ ፈንጂ አምክኖ እንደጨረሰ ወታደር፣ "አሁን ይግቡ" ትላለች።

ስፖንጅ የተባለችው በራሷ ጥፋት ነው። ማዕዘን ያለው ነገር ሁሉ ደመኛዋ ነው። የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የመደርደሪያ ጫፍ፣ የመስኮት ደፍ፣ ሁሉም በእሷ ክፍል ስፖንጅ ለብሷል። የባሏ ክርን ሹል ስለሆነ እሱም ስፖንጅ ታጥቆ ነው የሚተኛው እያሉ ያሟታል። የበሩ ማጠፊያ ጣት እንዳይቆረጥም ጨርቅ ጠምጥማበታለች። ወይን ለአራት ካልተሰነጠቀ ልጅ አፍ አይደርስም። አዲስ አሻንጉሊት ሲመጣ ከሶፍት የተረፈውን የካርቶን ቱቦ ታወጣና ታሳልፍበታለች፤ ካለፈ የልጅ ጉሮሮም ያልፋል ማለት ነውና ወደ ቆሻሻ ቅርጫት። የኮፍያ ማሰሪያ ክር ያለው ጃኬት ለብሶ የመጣ ልጅ፣ ሸርተቴው ላይ ክሩ ተይዞ አንገቱን እንዳያንቀው፣ ክሩን እበር ላይ ተመዞ ነው የሚገባው። አንድ አባት "ጃኬቱ እኮ አዲስ ነው" ቢላት "ልጁም አዲስ ነው" አለችው።

በዚህ ሁሉ ድካም የተነሳ በስፖንጅ ክፍል ምንም አይሆንም። የጦስ ዶሮ እንኳ ሳያስፈልጋት ዓመቱን ታገባድደዋለች። ችግሩም ይኸው ነው። ምንም ያልሆነ ነገር አይታይም። ወላጆች ማታ ይመጣሉ፣ ሙሉ ልጃቸውን፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ጉልበት፣ አንድ ያልተሰነጠቀ ግንባር፣ ከልብስ መስቀያ ላይ ካፖርት እንደሚያነሱ አንስተው ይሄዳሉ። "ደህና እደሪ" የሚላት ካለ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው።

ግድግዳ የምትጋራት ሲስተር ናት። ሲስተር ነርስ አይደለችም፤ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ወስዳ ቀይ ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ ስለመጣች ቀልድ ብለው ያወጡላት ስም ማዕረግ ሆኖ ቀረ። ወጣት ናት። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። በእሷ ክፍል ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ይወጣሉ፣ ይዘላሉ፤ ስለዚህም ይወድቃሉ። ሲወድቁ ደግሞ ፈጥና የምትደርሰው ሲስተር ናት።

ቅናት የሚባለው ነገር መጀመሪያ በስፖንጅ ደጃፍ ያለፈው ቦክሰኛው የወደቀ ቀን ነው። ቦክሰኛው አየሩን እየተማታ የሚውል የሲስተር ክፍል ልጅ ነው። ከሸርተቴው ሥር ያለው ምንጣፍ ተንሸራተተና በአፍንጫው ተደፋ፤ ደሙ ተንዠቀዠቀ። ስፖንጅ ቀድማ ደረሰች። "እኔን! እኔን ይድፋኝ!" ብላ አንገቱን ወደ ኋላ ልታጋድመው ስትል አንድ ለስላሳ እጅ ከጎን መጣ።

"ወደ ፊት ነው፣ እህቴ። ወደ ኋላ ከሆነ ደሙን ይውጠዋል።"

ሲስተር ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጭንቅላቱን ወደ ፊት ዘንበል አድርጋ፣ ለስላሳውን የአፍንጫውን ክፍል በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ያዘች። ስለ አውሮፕላን ታወራለታለች። ልጁ በአፉ እየተነፈሰ "ክንፉስ?" ይላል። ደሙ ቆመ። ልጁ ስለ ክንፉ ሲጠይቅ ቀረ።

በነጋታው የቦክሰኛው እናት ኬክ ይዛ መጣች። ላዩ ላይ በክሬም "ሲስተርዬ እናመሰግናለን" ተብሎ ተጽፎበታል። ለስፖንጅም ቆርሰው ሰጧት። አልጣፈጣትም ብንል እንዋሻለን። ያናደዳት መጣፈጡ ነው።

በማቆያው አንድ አሠራር አለ። ልጅ በተጎዳ ቁጥር ሞግዚቶቹ ሁሉ ክብ ሠርተው ይቆሙና ዳይሬክተሯ ጮክ ብለው ይጠይቃሉ፦ ምን ሆነ? ለምን ሆነ? እንዳይደገም ምን ይደረግ? ሦስቱን ጥያቄዎች ያመጣቻቸው ስፖንጅ ናት፤ በሥልጠና አዳራሽ የተጨበጨበላቸው ግን ዳይሬክተሯ ናቸው። ያን ቀንም ስፖንጅ ምንጣፉ ሥር የሚያጣብቅ ላስቲክ ይደረግ አለች። ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሸርተቴው ሥር ማንም በአፍንጫው አልተደፋም። ላስቲኩን አስመልክቶ ግን ማንም ኬክ አልጋገረም።

"ልጁን ያስደማችው እሷ፣ ኬክ የሚመጣላት ለእሷ!" አለች ማታ ለባሏ፣ ራት እያቀረበች።

"አስደማችው ወይስ ደማ?"

"ያው ነው።"

ባሏ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ጫማውን እያወለቀ ሳቀ። "የኔ እመቤት፣ ይሄን ያህል ዘመን ስነዳ አንድ ተሳፋሪ 'ዛሬ ስላልገለበጥከን ተባረክ' ብሎኝ ያውቃል? ትኬት ቆራጩን ግን ይመርቁታል። ለምን? ቀልድ ያወራላቸዋላ።"

"እና አንተ አትቀናም?"

"በትኬት ቆራጭ?" ትንሽ አሰበ። "ሰኞ ሰኞ።"

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ኬክ ኬክ ነው፣ ያልፋል። ያላለፈው በፌንጣ ምክንያት ነው። ፌንጣ የስፖንጅ ልጅ ናት፤ መሬት ላይ ከምትረግጠው አየር ላይ የምትቆየው ይበልጣልና ስሙ ራሱ መጥቶ ነው የተለጠፈባት። የማቆያው ደንብ ሞግዚት የራሷን ልጅ እንድትይዝ አይፈቅድም፤ ለልጇ ታዳላለች ተብሎ። ስለዚህ ፌንጣ የምትውለው ግድግዳው ማዶ፣ ሲስተር ዘንድ ነው።

አንድ ቀን ፌንጣ ክርኗ ላይ አንበሳ የተሳለበት ፕላስተር ለጥፋ ወደ ቤት ገባች። እናቷ ስታጥባት ቀስ ብላ አነሳችው። ሥሩ ያለው ቆዳ እንደተላጠ እንቁላል ንጹሕ ነው።

"ቁስሉ የታለ?"

"ውስጥ ነው።"

"ውስጥ የት?"

"ሲስተር ታውቃለች።"

ስፖንጅ ፕላስተሩን በሁለት ጣቷ ይዛ ቆመች። አንበሳው አፈጠጠባት። አፈጠጠችበት። መጀመሪያ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ወረርሽኝ ሆነ። በሲስተር ክፍል ፕላስተር የሌለው ልጅ እንደ ተራ ወታደር ይታይ ጀመር። አንበሳ ያለው ሃምሳ አለቃ ነው፤ አውሮፕላን ያለው መቶ አለቃ። ቦክሰኛው ግንባሩም ጉልበቱም ላይ ስላለው ጄኔራል ነው፣ ሲሄድም ደረቱን ነፍቶ ነው። በግቢ ጨዋታ ሰዓት የስፖንጅ ክፍል ልጆች ንጹሕ ክንዳቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው ጥግ ጥጉን ይቆማሉ። ከዚያም የድርሻቸውን ሊያገኙ ተነሱ። ራሳቸውን ከጠረጴዛው ማዕዘን ጋር ያላትማሉ፤ ስፖንጁ መልሶ ይወረውራቸዋል። ከትራስ ክምር ላይ ይዘላሉ፤ ትራስ ላይ ያርፋሉ። አንዷ ሕፃን ከብዙ ከንቱ ሙከራ በኋላ እንባዋ እየወረደ መጣች።

"ቲቸር፣ እባክሽ አንዱን ስፖንጅ አንሺልኝ።"

"ለምን የኔ ቆንጆ?"

"እኔም ልጎዳ።"

ስፖንጅ በሻይ ሰዓት ሲስተርን ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

"ምንም ያልሆነ ልጅ ላይ ፕላስተር የምትለጥፊው ለምንድን ነው?"

"ምንም ካልሆነ እኔ ጋ አይመጣም" አለች ሲስተር፣ ኩባያዋን እያጠበች። "የሆነ ቦታ አሞታል። የት እንደሆነ ማሳየት ሲያቅተው ክርኑን ያሳየኛል።"

"አሃ! እና የኔን ልጅ የት አሟት ነው?"

"እሱንማ እሷን ጠይቂያት፣ እህቴ።"

ይቺ "እህቴ" የምትባል ቃል እንዴት እንደምትቧጭር! ስፖንጅ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ያልተባሉ መልሶች ሲመጡላት ዋለች፤ ሁሉም ግሩም ነበሩ፣ ሁሉም ዘግይተዋል።

የባሰው ግን ገና ነበር። በማግሥቱ ልጆቹ ሁሉ ግቢ ወጥተው ሳለ ፌንጣ እየሮጠች ተደናቀፈችና ጉልበቷ ተላጠ። ይህ የውሸት አይደለም፤ አፈርና ደም ተቀላቅሏል። ስፖንጅ ቅርቧ ነበረች። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ፊቷ ተለዋውጦ፣ "እኔን! እኔን ልጄን!" እያለች ተቀመጠችላት። ፌንጣ ተነሳች። አየቻት። ከዚያ የእናቷን የተዘረጋ ክንድ፣ መንገድ ላይ የቆመ ዛፍ እንደሚዞሩት፣ ዞራ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ ሲስተር ቀሚስ ላይ ደርሳ ነው ልቅሶዋን የለቀቀችው። እስከዚያ ድረስ አፍና ይዛው ነበር! ልቅሶዋን ለሲስተር አጠራቅማ!

የስፖንጅ ክንድ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሰው እንዳያያት ሰውነቷን እንደምታፍታታ አስመሰለች።

ማታ ለባሏ ምንም አልነገረችውም። ሰኞ አልነበረም።

እንግዲህ ሰው ሲቀና ብዙ ነገር ያስባል። አንዳንዱ ስም ያጠፋል፣ አንዳንዱ ድግምት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ይከሳል። ስፖንጅ ግን የሙያ ሰው ናት፤ የሚያስፈልጋት ምን እንደሆነ አወቀች። አንድ ውድቀት። ትንሽ፣ ንጹሕ፣ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ውድቀት፤ ፌንጣ የምትወድቀው፣ ሲስተር የማትደርስበት፣ እናት ብቻ የምታነሳበት።

ቦታውን መረጠች፤ ከግቢው ዳር፣ የአሸዋው ገንዳ አጠገብ ያለው ሣር። ሰዓቱን መረጠች፤ ሲስተር ልጆቹን በተራ እጅ የምታስታጥብበት። ፌንጣ ቀድማ ታጥባ እየሮጠች የምትመጣው በዚያ በኩል ነው። ሣሩ ላይ አንድ ቀጭን ምንጣፍ ዘረጋችና ጠርዙን ጠቀለለችው። እግር ይይዛል። ጥሩ። ቀና ብላ ስታይ ሲስተር ከቧንቧው ሥር ቆማ የአንዱን ሕፃን እጅጌ እየሰበሰበች ወደዚህ አየት አደረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትየው፣ ምንጣፍ መዘርጋት ወንጀል አይደለም።

ግን ሣሩ ውስጥ ጠጠር ቢኖርስ? ተንበረከከችና በመዳፏ ዳበሰች። ሦስት አገኘች፤ ኪሷ ከተተች። ጉልበቷ መሬት ቢመታስ? ከክፍሏ ትራስ አምጥታ አስቀመጠች። ልጅቷ ትንሽ ዘለግ ብላ ብትወድቅስ? ሌላ ትራስ። ክርኗስ? ሌላ። ወደ ኋላ ቆም ብላ ስታየው፣ እዚህ ላይ የወደቀ ልጅ አያለቅስም፤ ይተኛል። አንዱን ትራስ አነሳች። መለሰችው። በግማሽ አጠፈችው። ልጇን ለመጣል የተቀመጠች ሴት ልጇ እንዳትወድቅ እንዲህ ስትደክም ያያት ቢኖር ምን ይል እንደነበር እንጃ።

አንድ ቦታ ቀረ። ጭንቅላቷ የሚያርፍበት። ትራሱ አልቋል። ስፖንጅ ግራ ቀኝ አየች፤ የአሸዋው ገንዳ የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ራሷ የለጠፈችው ረጅም ስፖንጅ አለ። ይሄስ ለአንድ አፍታ ቢነሳ? ጠርዙ ከምንጣፉ ራቅ ያለ ነው፤ ፌንጣ እዚያ አትደርስም፤ ለክታዋለች። ጫፉን ይዛ ቀደደችው፤ ቸርርር ብሎ ተላቀቀ። ሣሩ ላይ አጠፈችው። አሁን ሁሉ ተዘጋጀ፤ በዓለም ላይ እንደዚህ ምቹ አደጋ ተሠርቶ አያውቅም።

ፌንጣ ብቅ አለች። እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ ትከንፋለች። እናቷ አሁን "ተመለሺ!" ልትል ትችላለች። አሁንም ትችላለች። አሁን...

ፌንጣ ምንጣፉ ጋ ደረሰች፣ ጠርዙን አየች፣ እጥፍ ብላ ተፈናጠረችና በላዩ አልፋ ሄደች። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም።

ከኋላዋ ግን ቦክሰኛው ይመጣ ነበር። እጁ አየር እየመታ፣ ዓይኑ ፌንጣ ላይ፣ አፉ ውስጥ ደግሞ ከምሳ ያመለጠ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ እጀታው ወደ ፊት ተቀስሮ። ማንኪያ በአፉ ይዞ የሚሮጥ ልጅ! የተጠቀለለ ምንጣፍ! ስፖንጅ ከዚህ በኋላ አላሰበችም፤ ዘለለች። በአንድ እጇ ማንኪያውን መንጭቃ፣ በሌላው ልጁን ደረቱን ስትይዘው እሱ በቂጡ ትራሱ ላይ ቁጭ አለ። እሷ ግን እግሯን ምንጣፉ ያዘው። ትራሶቹን፣ ያጠፈችውን ስፖንጅ፣ ያን ሁሉ ለስላሳ ነገር በአየር ላይ አልፋ፣ ሕፃን ሊደርስበት የማይችለው ራቁቱን የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ በአገጯ አረፈች። ለክታ የነበረው የልጅ ውድቀት ነዋ፤ የእሷን ቁመት ማን ለካ?

ዓለም ነጭ ሆነችና ተመለሰች። ጆሮዋ ውስጥ ጢንዚዛ ገብቷል። አንድ የታወቀ ድምፅ ከላይ መጣ።

"አትነሺ። አለሁ። እንደተኛሽ ሁኚ።"

የውሃ ድምፅ፣ የጓንት ድምፅ። ጭንቅላቷ ቀስ ተደርጎ የሰው ጭን ላይ አረፈ። የቁስል መሸፈኛ ጎዝ አገጯ ላይ ተጫነ፤ ጠበቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል።

"እዚህ ጋ ይዤዋለሁ። ይቆማል። አንገትሽን ያምሻል?"

"አያመኝም።"

"ጥርስሽን ግጠሚ እስቲ። እንደድሮው ይገጥማል?"

"ይገጥማል።"

"ዓይኔን እዪ። ጎበዝ። ልጁ ደህና ነው፤ አየሽው? እዚያው ቁጭ ብሎ ማንኪያዬን ይላል።" በጎዙ ያልተያዘው እጇ ጀርባ የስፖንጅን ጉንጭ ከጆሮዋ እስከ አፏ ጥግ ዳበሰ፣ አንዴ፣ ከዚያም አንዴ፤ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ ግን ቀስ ብሎ።

ስፖንጅ ዓይኗን ጨፈነች። ያማል፤ ግን ደግሞ... ኧረ እንዴት ደስ ይላል! ይሄ ነው እንዴ? ለካ ይሄ ነው ልጆቹን ከጠረጴዛ ጋር የሚያላትማቸው! እሷም ብትሆን ክርኗን ታሳይ ነበር። ቅናቷ በዚህ ሊበርድ ሲገባው ይባስ ነደደ፤ እስከዛሬ የቀናችው በጭፍኑ ነበር፣ አሁን በምን እንደምትቀና አወቀች።

በዚህ መሐል አንድ ትንሽ ሹል ጉልበት ደረቷ ላይ ወጣ። ፌንጣ ናት። እናቷን አላየችም። ያየችው የሲስተርን ጭን ነው፤ ተይዟል።

"ተነሺ" አለች።

"ፌንጣዬ፣ እናትሽ ተጎድታ ነው" አለች ሲስተር።

"ትነሳ! ያንቺ ጭን የኔ ነው!" የእናቷን ራስ በሁለት እጇ ገፋች። "ሂጂ ሌላ ፈልጊ!"

ልጆቹ ሳቁ። ስፖንጅ ካለችበት ቀና ብላ የልጇን ፊት አየች። ከንፈሯ ተጣብቋል፣ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ተነፍቷል፣ ዓይኗ ጠቧል። ይሄን ፊት ታውቀዋለች። ከሰሞኑ ፊቷን ስትታጠብ መስታወት ውስጥ ሲጠብቃት የከረመው ነው። አባቷንም አልመሰለች፣ ማንንም አልመሰለች። ቁርጥ እናቷ።

ሲስተር አንዱን ጭኗን ለፌንጣ ለቀቀች። እናትና ልጅ በአንድ ሴት ላይ ድንበር ተካለሉ።

ዳይሬክተሯ እያለከለኩ ደረሱ፤ ዘበኛውና የወጥ ቤቷ ሴትዮም ተከትለው። ሞግዚቶቹ ክብ ሠሩ።

"ምን ሆነ?"

"ልጁን ለማዳን ነው!" አለ ዘበኛው። "ከበሩ ሆኜ አይቻለሁ። ማንኪያ በአፉ ይዞ እየሮጠ ነበር፤ እንደ ኳስ በረኛ ነው የተወረወረችው! ጀግና ናት እንጂ ሌላ ምን ትባላለች!"

"ውይ የኔ እናት!" አለች የወጥ ቤቷ ሴትዮ። አንዷ ሞግዚት አጨበጨበች። ሌሎቹም ተከተሉ። ዳይሬክተሯ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "የቦክሰኛው እናት ይሄን መስማት አለባት" አሉ።

ጭብጨባው ሞቀ። ስፖንጅ በአገጯ በኩል እንኳ ሞቃት። ለካ ማዳንም ይታያል፣ ትንሽ ከደማበት! ነገ ኬክ ይመጣል፤ ክሬሙ ላይ የሚጻፈው ሁሉ ታያት። ልጇም እየሰማች ነው፤ ፌንጣ ዓይኗን ከፍታ የሚያጨበጭቡትን ታያለች። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

ከዚያ ሲስተርን አየቻት። ሲስተር የተጠቀለለውን ምንጣፍ እያየች ነበር። ከምንጣፉ ትራሶቹን፣ ከትራሶቹ ተነቅሎ የታጠፈውን ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ራቁቱን ጠርዝ አየች። ሁሉም ገባት። ዓይኗን ወደ ጎዙ መለሰችና ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

ዝም ልትልላት ነው! ልትሸፍናት! እንደ ክርኑ ሁሉ ይሄንንም በፕላስተር ልትለጥፍላት ነው፤ ደግነቱም ለሲስተር ሊቆጠርላት ነው! ስፖንጅ ብዙ ነገር ለሲስተር ለቃለች፤ ኬኩን፣ ልቅሶውን፣ ጭኑን። ይሄን ግን አትለቅም።

"ለምን ሆነ?" አሉ ዳይሬክተሯ፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ለወጉ ያህል።

"ምንጣፉን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ" አለች ስፖንጅ፣ አገጯ እንደተያዘ። "የጠርዙን ስፖንጅም የነቀልኩት እኔ ነኝ።"

"ደግሞ ለምን?"

"ልጄ እንድትወድቅ።"

ጭብጨባው እንዴት እንደቆመ አልታወቀም።

"ወድቃ እኔ እንዳነሳት" አለች። "አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ጋ እንድታለቅስ።"

ዳይሬክተሯ ሦስተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ አፋቸውን ከፈቱ። ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ የምትመልሰው መሬት ላይ ተኝታለች። አፋቸውን ዘጉ። "ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጫለሽ" አሉ ሲቆዩ። "እስከዚያ ልጅ አትይዢም። አንድም ልጅ።" ቦክሰኛውን አቅፈው፣ ማንኪያውን በሩቁ ይዘው ሄዱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተበተኑ፤ ዘበኛው ሊያጽናናት ፈልጎ ምንጣፉን ዘረጋላት።

ፌንጣ ከሲስተር ጭን ላይ ሆና ስታሰላስል ቆይታ ነበር።

"እንድወድቅ ፈልገሽ ነበር?"

"ትንሽ ብቻ" አለች እናቷ። "ይቅር በይኝ ልጄ።"

"ፕላስተር አለሽ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ!" አለች ፌንጣ፣ ዓለምን ምስክር እንደሚጠራ ሰው እጇን እያወናጨፈች። "ፕላስተር ሳይኖርሽ?"

ሲስተር ሳቋን ዋጠችው፤ ጭኗ ሲንቀጠቀጥ ግን ሁለቱም ተሰማቸው። ስፖንጅም ልትስቅ ብላ አገጯ ቆረጣት። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ አንዴ ከመጣ ደግሞ ማቆሚያ አጣ።

ፌንጣ እናቷ ስታለቅስ አይታ አታውቅም። ደነገጠች። ሲስተርን አየች፣ የእናቷን ፊት አየች። ከዚያ ከጭኑ ላይ ወርዳ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። የእጇን ጀርባ አዞረች። ከጆሮዋ እስከ አፏ ጥግ፣ አንዴ፣ ከዚያም አንዴ፣ ቀስ ብላ ዳበሰቻት።

"አለሁ" አለች። "እንደተኛሽ ሁኚ።"

እጁ የልጇ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ይወዛል፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። አዳበሱ ግን ከላይ እስከ ታች የሲስተር ነው። ስፖንጅ በዚህም ቀናች። ቢሆንም ጉንጯን አላሸሸችም፤ እንዲያውም ሌላውንም አዞረችላት።